ዶክተር ወገኔና የአያ ክንዴ ቦራ

ወገኔን ሰው «ዶክተር» ብሎ ሲጠራው ደስ ይለዋል። «የት ሐኪም ቤት ነህ?» የሚል ጥያቄ ሲከተል ግን ፊቱ ይለዋወጣል። የሚሠራው እንጅባራ ከተማ ዳር ባለ የእንስሳት ክሊኒክ ነው። የሰው ሐኪም የሚማረውን ያህል ዘመን ተምሮ፣ በቦቲ ጫማ ጭቃ ሲረግጥ፣ እጁን እስከ ብብቱ ላም ውስጥ ሲሰድ ውሎ ማታ ሲገባ አከራዩ «የላሞቹ ዶክተር መጣ!» ብለው ይስቃሉ። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም።

አንድ ቀን ባለሱቋ አሲያ የታመመች ድመቷን በቅርጫት ይዛ ክሊኒኩ መጣች። በሬ ይዘው ተራ የሚጠብቁ ገበሬዎች «ደግሞ ድመትም ይታከም ጀመር!» ብለው ተሳሳቁ። ወገኔ አፈረ። ድመቷን በቅጡ ሳያያት «ምንም አልሆነች፣ ወተት ስጫት» ብሎ አሲያን ሸኛት። ድመቷ ሳትቆይ ሞተች። ወገኔ ከዚያ ወዲያ በሱቋ በር ማለፍ ከብዶት መንገድ ቀየረ።

ሜላትን ያወቃትም እዚያው ክሊኒክ ነው። ሜላት እንጅባራ የምታስተምር፣ አዘና ከምትባል የገጠር ከተማ የመጣች ልጅ ናት። የአከራይዋን ውሻ ልታስከትብ መጥታ፣ ውሻው አልያዝም ብሎ ሁለቱንም ጭቃ ላይ ሲያንከባልላቸው ተሳሳቁ፤ ከዚያ ወዲያ ተዋደዱ። ሥራውን ታውቃለች፤ አላፈረችበትም። ያፈረው እሱ ነው።

«ለአባቴ የምን ሐኪም እንደሆንህ ልንገረው?» አለችው ሽማግሌ ሊልክ ሲነሳ።

«ተይው፤ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ» አላት።

ሽማግሌ ሆነው የሄዱት አጎቱ አበረ ነበሩ። ወሬ ማሳመር ያውቃሉ። «ልጃችን ዶክተር ነው፤ ስንቱን ከሞት አፋፍ የሚመልስ!» አሉ። የሜላት አባት አያ ክንዴ ጥቂት አስበው «እንግዲያውስ ልጁን አምጡትና በዓይኔ ልየው» ብለው መለሱ። በ2007 ዓ.ም. ጥር፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ወገኔ አዲስ ኮት ለብሶ ከአጎቱ ጋር አዘና ወረደ።

አያ ክንዴ የታወቁ ፈረሰኛ ናቸው። ግንባሩ ነጭ የሆነ ቦራ ፈረስ አላቸው፤ ከልጅ ለይተው አያዩትም። ጥር ሃያ ሦስት እንጅባራ ላይ ለሚደረገው የፈረሰኞች በዓል ሊያደርሱት ገብስ እየቀለቡት ነበር። ወገኔ ግቢው ሲገባ ፈረሱን አይቶ ልቡ ሳበው፤ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ሊያይ እጁን ዘረጋና መልሶ ኪሱ ከተተው።

ቤት ገብተው ጠላ ተቀዳ። የሜላት እናት እትዬ ሽታዬ እንግዳውን ቀረብ ብለው «ዶክተር፣ ይኸ ጉልበቴ አላስተኛ ብሎኛል፤ ምን ይሻለኝ ይሆን?» ሲሉ ጠየቁት።

እውነቱን ለመናገር ይኸን የመሰለ በር አይገኝም ነበር። «እናቴ፣ እኔ የከብት ሐኪም ነኝ» ቢል ቤቱ ስቆ ያልፍ ነበር። እሱ ግን «ብርድ ይሆናል፤ በሙቅ ውሃ ይሹት» አለ። ጠላ የምትቀዳው ሜላት ቀና ብላ አየችውና ዓይኗን ሰበረች።

ገና ምግቡ ሳይነሳ ከውጭ ጩኸት ተሰማ። ፈረሱ ደረቅ ገብስ በስስት ሲበላ ጉሮሮው ላይ ቆሞበት ነበር። አንገቱን ዘርግቶ ይስላል፤ የላመ ገብስና ለሃጭ በአፍንጫው ይወርዳል። ጎረቤት ተሰበሰበ። «ዘይት ይጋት! ዘይት ያንሸራትትለታል!» አለ አንዱ። ራሱን ወደ ላይ በገመድ ጎትተው ዛፍ ላይ አሰሩት። አያ ክንዴ የኑግ ዘይት በጠርሙስ ይዘው ጉሮሮው ውስጥ ይገለብጡ ጀመር።

ወገኔ በተከፈተው በር ሁሉንም ያያል። እንዲህ ጉሮሮው የተዘጋ ፈረስ ጭንቅላቱ ዝቅ ይደረጋል እንጂ ወደ ላይ አይሰቀልም። የሚጋተውም ነገር ወደ ሆድ መውረጃ አጥቶ ወደ ሳንባ ይገባል። «ፍቱት! ምንም አትጋቱት!» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ግን «አንተ በምን አወቅህ?» ቢሉትስ? አጎቱ በሙሉ አፋቸው ያወሩለት ዶክተርነት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የላም ዶክተርነት ሊሆን ነው። ሊነሳ ቃጣ፤ ጠላውን እንደያዘ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሜላት ከውጭ እየሮጠች ገባችና ጆሮው ሥር ጎንበስ ብላ «ምን ይሁን? ተናገር እንጂ!» አለችው።

«ይለቀዋል» አላት ዓይኗን ሳያይ።

እውነትም ለቀቀው። ገብሱ ወረደ፣ ፈረሱም መሳሉን አቆመ። ሰው እልል አለ፤ አያ ክንዴ ላባቸውን እየጠረጉ ገብተው «እንኳን ደስ ያለን! ዶክተር፣ ይጠጡ እንጂ» አሉት። ጠጣ።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ አንድ አይሱዙ ክሊኒኩ በር ላይ ቆመ። ወገኔ በቦቲው፣ በቆሸሸ ጋዋኑ ብቅ ሲል አያ ክንዴ ቦራውን ሲያወርዱ ደረሰ። አዘና መድኃኒት ጠፍቶ «እንጅባራ ደህና ዶክተር አለ» ብለው ልከዋቸው ነው። አያ ክንዴ ፊቱን አዩ፣ ጋዋኑን አዩ፣ ቦቲውን አዩ።

«እርስዎ ነዎት?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አያ ክንዴ።»

ፈረሱ ጎኑ እየተርገበገበ ይተነፍሳል፤ አፍንጫው ይሸታል። ወገኔ ደረቱን አዳመጠ። መስሚያውን ከጆሮው ለማውጣት ዘገየ፤ ካወጣው መናገር አይቀርለትም።

«ዘይቱ ሳንባው ገብቷል» አለ በመጨረሻ።

«መቼ?»

«የጋታችሁት ቀን።»

አያ ክንዴ የፈረሱን ጋማ ዳበሱ። «እዚያ ተቀምጠው ሳሉ ይኸን ያውቁ ነበር?» ሲሉ ጠየቁ።

«አላውቅም ነበር» የምትለዋ ቃል ምላሱ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጣት። «አውቅ ነበር» አለ።

ያለውን መድኃኒት ሁሉ ወጋው፤ የሌለውን ከከተማ አስፈልጎ አስመጣ። ከፈረሱ አጠገብም አልራቀም። በማግስቱ ቦራው ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ወድቆ ሞተ። ወገኔ የአያ ክንዴን ጉልበት ይዞ ይቅርታ ሊለምን ጎንበስ ሲል ሽማግሌው ክንዱን ይዘው አቀኑት።

«የጋትሁት እኔ ነኝ፤ የገዛ እጄ ነው» አሉ። «እርስዎ ግን ጠላዎን ይዘው ያዩኝ ነበር።»

ቢሰድቡት ወይ በያዙት ሽመል ቢሉት ይቀለው ነበር። አንቱታቸውን እንኳ አልቀነሱበትም።

አጎቱ አበረ ዳግመኛ ለሽምግልና ሄደው «ልጅቱ ትምህርቷን ልትቀጥል ነው» በሚል ሰበብ ተሸኝተው ተመለሱ። ሜላት አላኮረፈችም፣ አልተጣላችውም። «ስጠይቅህ ይለቀዋል አልኸኝ» ብቻ አለችው፤ ክረምት ላይ ወደ ጫግኒ ተዛወረች።

ወገኔ እንጅባራ ቀረ። አሁን የምን ዶክተር እንደሆነ ሲጠይቁት ሳያንገራግር ይናገራል፤ የሚያኮራ ነገር ግን አላገኘበትም። አንድ የገበያ ቀን ከክሊኒኩ ደጃፍ ቆሞ ሳለ ከአዘና የመጣ አይሱዙ ከብት ጭኖ ሲያልፍ አየ። ጋቢናው ውስጥ አያ ክንዴ ነበሩ። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አንስተው በአክብሮት እጅ ነሱት፤ መኪናው ግን አልቆመም፤ የታመመ በሬያቸውን ይዘው ወደ ዳንግላው ሐኪም አለፉ።