ለላብራቶሪ የመረጥኩት ሽንት

ትናንት ጠዋት የሰፈራችን ክሊኒክ ሐኪሟ ሦስቱን የላብራቶሪ ወረቀቶቼን ጠረጴዛዋ ላይ ደርድራ ቀና አለች።

«ቲቸር፣ ደም አይቻለሁ ነው ያሉኝ?»

«አዎ። ከመስከረም ወዲህ አራት ጊዜ። ቀኑን ጽፌዋለሁ።»

«ሦስቱም ላይ ግን ደም የሚል የለም...»

ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ተማሪ ሲደብቀኝ ከፊቱ አውቅ ነበር። ትናንት እሷ ከፊቴ አወቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስሸና ያቃጥለኛል፤ በየሰዓቱ ይመጣብኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ቀይ ይሆናል። እኛ ሰፈር፣ 18 ማዞሪያ አጠገብ ባለው ክሊኒክ፣ የላብራቶሪ ባለሙያው የእድራችን ጸሐፊ ነው። ባሌ ከሞተ ስምንት ዓመቱ፤ ቀይ ሽንት ይዤ ብቀርብ ምን ይለኛል? ሰፈራችን ለዚህ የሚያውቀው ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ የአባላዘር በሽታ።

ስለዚህ ውኃ ስጠጣ እሰነብትና ጥርት ባለልኝ ቀን እሄዳለሁ። «ኢንፌክሽን ሳይሆን አይቀርም» ይሉኛል። ኪኒኑን እውጣለሁ። ቀዩ ሳይመለስ ይሰነብታል። «ዳንኩ» ብዬ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ... ሦስት ጊዜ።

ይህን ሁሉ ነገርኳት። አልሳቀችም።

«የፊኛ ካንሰርም እኮ እንዲሁ ነው፤ ደምቶ ያቆማል። ስላቆመ ድነዋል ማለት አይደለም። ነው አላልኩም... ግን ፊኛዎን ከውስጥ በካሜራ ማየት አለብን። ለዛሬ እንደመጣልዎ ይስጡኝ።»

እንደመጣልኝ ሰጠሁ። ቀይ ነበር። ዕቃውን ይዤ በወረፋው መሃል ሳልፍ አንዲት ጎልማሳ ሴትዮ ክንዴን ያዘችኝ።

«እናቴ፣ ይሸፍኑት እንጂ... ሰው ያያል።»

«ይየው።»

ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «የኔም አንዳንዴ እንደሱ ነው። ለሐኪሟ ልነግራት የመጣሁት ግን ወገቤን ነው።»

«ስትገቢ እሱን ንገሪያት።»

«ኧረ በሞቴ! እርስዎ አያፍሩም?»

ልመልስላት ስል ስሟ ተጠራ። ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ በሩ ሄደች።

«ወገብሽን አይደለም!» አልኳት ከኋላዋ። ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየን።

የእኔ የካሜራ ምርመራ ማክሰኞ ነው። ፍርሃቱ እንዳለ ነው... ማፈር ግን ጉልበት ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ደክሞኛል።