የሐጃ የጾም ሽሮ

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ አርብ ዕለት... አክስቴን ካርቱምን ላሳያት ይዣት ወጣሁ።

እትዬ የእናቴ ታናሽ ናት። ከባሕር ዳር በመተማ አድርጋ በመኪና የመጣችው ለሽርሽር እንዳይመስላችሁ። ልጇ ከዚህ ከካርቱም ወደ ሊቢያ ከወጣ አምስት ወር አልፎታል፤ ድምፁ የለም። ያየው ሰው ካለ ብላ ልትጠይቅ ነው የመጣችው። ድምፁን እስክትሰማ ሁዳዴን አንዲት ቀን ሳታጎድል ልትጾም ተስላለች። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውኃ እንኳ አፏ አይገባም።

እኔን ደግሞ የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፤ ሁሉ ነገር ይቀፈኛል። አል-ማንሺያ ሰፈር የሰው ቤት ሳጸዳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሌላ ሰው አፍ የገባ ማንኪያ ካየሁ ምግብ አይወርድልኝም። ለዚህ ነው አዲስ እንግዳ የመጣበት ሐበሻ ሁሉ «የት ላብላው?» ብሎ ለእኔ የሚደውለው። ፉሉን በእጁ የሚያማስለውን ሰረዝኩ፣ ዓሣውን ዝንብ የወረሰውን ሰረዝኩ... የቀረችኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ምግብ የምትሸጥ፣ ሁላችንም ሐጃ የምንላት ሱዳናዊት እናት። ድስቷ ያብለጨልጫል።

ሙላሕ የሚሉት ወጥ አላት፤ መልኩም ውፍረቱም ቁርጥ ሽሮ። ኪስራ በሚሉት ስስ እንጀራቸው ስትበሉት አገር ቤት ያላችሁ ይመስላችኋል። አራት ሁዳዴ እዚያ ነው የበላሁት። እንዲያውም በጾም ይበልጥ ይጣፍጣል እያልኩ ስንቱን ልኬባታለሁ።

ያን ቀን ጠዋት ጀብራ ሰፈር ያለውን ሐበሻ ቤት ሁሉ ዞረን ጠየቅን። ልጁን ያየ የለም። ከሰዓት፣ ትንሽ ይቀላት እንደሆነ ብዬ፣ አባይን ላሳያት አሰብኩ። መንገዱ በጡብና በተቃጠለ ጎማ ተዘግቷል፤ ከአብዮቱ ወዲህ ዳቦ ሲጠፋም ቤንዚን ሲጠፋም እንዲሁ ነው። በእግር ሄድን፤ የጎማው ሽታ ጉሮሮዬ ላይ ተለጠፈ። ግድግዳው ላይ በአብዮቱ የሞቱ ልጆች ተስለዋል። እትዬ ቆማ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየችው። ማንን እንደምትፈልግ ስለገባኝ ክንዷን ይዤ ጎተትኳት።

አባያችን ከነጩ አባይ ጋር የሚገናኝበት ደረስን። ዳሩ በፕላስቲክ ተሞልቷል፤ የሞተ ዓሣ ይሸታል፤ አንዱ ባጃጁን በሳሙና ያጥባል። እትዬ ሰዓት ጠየቀችኝ። ዘጠኝ አልፏል አልኳት። አማተበችና ጎንበስ ብላ በእፍኟ ጠጣች...

«ምን ፊትሽን ታጨማድጃለሽ? ከእኛው አገር የመጣ ውኃ ነው» አለችኝ።

በይ፣ አሁን ደግሞ ንጹሕ ነገር ላብላሽ ብዬ ሐጃ ጋ ወሰድኳት። ሐጃ ስታየኝ ፊቷ በራ። እንግዳዬም እንደ እኔ ጾመኛ መሆኗን ነገርኳት። እንደ ልማዷ ሰዉ ከሚበላበት ትልቅ ድስት ሳይሆን ከጎን ካለችው ትንሿ ድስት ቀዳችልን። በጾም ሁልጊዜ ለእኔ ከዚያች ነው የምትቀዳልኝ፤ እኔም ክብር መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እትዬ ሦስት ጉርሻ በላችና ማላመጧን አቆመች። ከጥርሷ መሐል አንዲት ቀጭን ክር አወጣች።

«ልጄ፣ ይኼ ሽሮ ክር ክር ይላል እኮ።»

እየሳቅሁ ዞሬ ሐጃን ምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ላሕም ናሺፍ» አለችኝ፣ በኩራት። «ዐሻን ኢንቲ ሳይማ ያ ቢቲ... በዚድ ሊኪ።»

ደርቆ የተወቀጠ ሥጋ ነው። ጾመኛ ስለሆንሽ ለአንቺ አበዛልሻለሁ፣ ልጄ... ማለቷ ነው። በእሷ ቤት ጾመኛ ማለት ቀኑን ሳይበላ ውሎ ሲያፈጥር ጥሩ ጥሩውን የሚቀርብለት ሰው ነው፤ ጾመኛን ማብላት ደግሞ ትልቅ ጽድቅ። ሥጋ የማይበላበት ጾም እንዳለ በምን ትወቅ? አራት ዓመት ጾመኛ ነኝ ስላት ኖርኩ እንጂ ምን እንደማልበላ አንድ ቀን አልነገርኳት። ምስኪን፣ ልትጸድቅብኝ ሥጋውን ስትጨምርልኝ ኖራለች።

አራት ሁዳዴ ሙሉ የበላሁት በአንድ ጊዜ ጉሮሮዬ ላይ መጣ። እትዬ እንኳን በሁዳዴ፣ በፍስኩም በቢስሚላህ የታረደ አትቀምስም።

«ምን አለች?» አለችኝ።

የደረቀ ባሚያ ነው አልኳት። ባሚያማ አለበት... ቀጥዬም ዝንብ ገብቶበታል፣ ተይው እንሂድ አልኩ።

«ያን ውኃ ጠጥቼ ዝንብ ልፈራ?» ብላ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው።

ብነግራት ስለቷ እዚያው ይፈርሳል። ዝም ብል ደግሞ ልትጨርሰው ነው። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሳህኑን ከፊቷ ነጥቄ ያን ሁሉ ወጥ ብቻዬን ወረድኩበት... ሥጋ መሆኑን እያወቅሁ። ቢያንስ አራተኛው ጉርሻ ይቅርላት ብዬ። ክሩ ምላሴ ላይ ይሰማኛል፤ ዓይኔ እንባ ሞልቷል፤ እውጣለሁ።

እትዬ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። «ዝንቡንም አልማርሽው! ያ ሁሉ መጸየፍሽ የት ገባ?»

ቤት ስደርስ ውኃ ከፍቼ፣ እንዳትሰማኝ፣ የበላሁትን ሁሉ አስመለስኩ። ሥጋው አይደለም ያስጠላኝ፤ ሥጋማ ለፋሲካ እበላለሁ። ያስጠላኝ እኔው ነኝ። የሰው ማንኪያ ስጸየፍ የኖርኩት ሴትዮ፣ የምውጠውን ግን ጠይቄ አላውቅም።

ትናንት እትዬ ከባሕር ዳር ደወለች። ልጇ ደውሎላታል፤ ትሪፖሊ ነው፣ ደህና ነው። «አንዲት ቀን ሳላጎድል ብጾም አምላክ ሰማኝ» እያለች አለቀሰች፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ልትዘጋ ስትል ደግሞ እንዲህ አለችኝ...

«ከዚያች ሐጃ የሽሮ ዱቄት ጥቂት በሰው ላኪልኝ፤ ለሰሙነ ሕማማት ይሁነኝ።»

ይኸው ዛሬ ከሐበሻ ሱቅ ንጹሕ የሽምብራ ሽሮ ገዝቼ የሐጃ ነው ብዬ ላክሁላት... እንደዚያኛው አይጣፍጥም እንደምትለኝ ከአሁኑ አውቃለሁ።