በራፕ አልበም ውስጥ የገባው የብዙነሽ ቁጣ

ወይዘሮ ብዙነሽ የሚኖሩት ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቭ አጠገብ ባለችው ቬርኒየ፣ ሊኞን በሚባለው ጫፉ በማይታይ ሕንፃ ውስጥ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ልብስ የማጠብ ተራቸው ደርሶ የጋራ ማጠቢያው ወዳለበት ምድር ቤት ሲወርዱ፣ ሦስት ጎረምሶች ማጠቢያ ማሽኑን ነቅለው በሶኬቱ ቴፕ ሰክተው ራፕ ሲቀርጹ ደረሱባቸው። ፈረንሳይኛቸው ገና አልጠናም ነበርና በአማርኛ ወረዱባቸው፦

«ንቀሉት ይህን ጉድ! ዛሬ ተራው የኔ ነው!»

ልጆቹ ነቅለው ወጡ። ቁጣው ግን ቴፑ ላይ ቀርቶ ነበር፤ «ምድር ቤት» ያሉትን አልበማቸውን በእሱ ከፈቱት። ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተባዛ ዙሪክ ድረስ ዘለቀ። አሜሪካኖችን ይቀዱ የነበሩ ወጣቶች እሱን ሰምተው በየሰፈራቸው አነጋገር ራፕ ማድረግ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ራፐር ሁሉ ለአክብሮት ያህል ያቺን ቁጣ ዘፈኑ ውስጥ ይሰካል። አማርኛውን ባለማወቅ ጸሎት ናት ያለም፣ ፉከራ ናት ያለም አለ።

የቁጣዋ ባለቤት ምንም አልሰሙም። አንድ ቀን ዙሪክ የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ሶሊያና ደወለች።

«አክስቴ፣ ፀጉር ቤት ቁጭ ብዬ ስትቆጪ ሰማሁሽ።»

«ምን አድርገሽ ነው የተቆጣሁሽ?»

ሶሊያና ጠያይቃ፣ ከሦስቱ ጎረምሶች አንዱን ሎራንን አገኘችው። ዛሬ ራሰ በራ ሆኗል። የአልበሙን ሠላሳኛ ዓመት ዙሪክ ሊያከብሩ ነውና ወይዘሮ ብዙነሽ መድረክ ላይ እንዲቆጡለት ለመናቸው። እሳቸውም ለባለቤታቸው ለአቶ ሀብተሥላሴ «ሶሊያናን ልጠይቅ» ብለው ባቡር ተሳፈሩ። ውሸት አልነበረም፤ ብቻ ሁሉንም አልተናገሩም።

መድረክ ላይ ግን ቁጣው ከየት ይምጣ። አዳራሹን የሞላውን ወጣት ሲያዩ ሆዳቸው ራራና «ዛሬ ተራው የኔ ነው» ያሉት ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው ነበር። ሰዉ ግራ ተጋባ። ሎራን አሰብ አደረገና ነጠላቸውን ከትከሻቸው ላፍ አድርጎ ላብ ያጠመቀውን ራሰ በራውን ጠረገበት።

«አንተ ባለጌ! የቤተ ክርስቲያን ነጠላዬን! ወዲያ በል!»

አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። ወይዘሮ ብዙነሽ ነጠላቸውን ነጥቀው ማይኩን እንደያዙ ሎራንን በመድረኩ ዙሪያ አባረሩት፤ ከበሮውም ተከተላቸው። በኋላ ለሶሊያና «ስሮጥ ጉልበቴን አላመመኝም» አሏት።

የመድረኩ ቪዲዮ ጄኔቭ ቀድሟቸው ደረሰ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ስልኩን ለአቶ ሀብተሥላሴ አሳያቸው። እስከ መጨረሻው አዩት።

«እኔን ብቻ የምትቆጣ ይመስለኝ ነበር» አሉ።

አሁን ሎራን እዚያው ጄኔቭ አጠገብ፣ ካሩዥ ውስጥ አዲስ አልበም እየቀረጸ ነው። ወይዘሮ ብዙነሽ እገባበታለሁ ያሉት ስድብ የሚባል ከሌለበት ብቻ ነው። የወጣት ፈረንሳይኛ የበዛበትን ግጥም ሶሊያና በስልክ ቃል በቃል እየተረጎመችላቸው ግማሹን አስወጥተዋል፤ ሎራን ስለቀረው ግማሽ እየተለማመጣቸው ነው።