የሁሉም ሰው ድምፅ

ባሌ ቦጉሚው ዕድሜውን የጨረሰው የውጭ ፊልም በፖላንድኛ ሲያነብ ነው። እኛ አገር የገዳዩንም የሟቹንም፣ የሙሽሪትንም የአማቷንም የተተረጎመ ንግግር አንድ ሰው ብቻውን በተዋናዮቹ ድምፅ ላይ በደረቅ ድምፅ ያነባል። ሰሞኑን ደግሞ ወጣቶች በቴሌቪዥን ፍቅር ስላበደ ቤተሰብ ለሚሠሩት የኢንተርኔት ኮሜዲ ቀጠሩት።

«ጋሼ፣ እንዲሁ ድርቅ ብለው ያንብቡልን፤ የሚያስቀው እሱ ነው!» ይሉታል።

እኔን ግን አላሳቀኝም። ትናንት ደክሞት መጥቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ተዘረጋ። ሄጄ ድርግም አድርጌ አጠፋሁት።

«አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንኳ እወድሻለሁ ብትለኝ ምን አለበት?»

«እወድሻለሁ» አለ፣ የአየር ጠባይ ትንበያ እንደሚያነብ ሰው።

«ማነው እንዲህ ያለው?» አልኩት ብሽቅ ብዬ።

ግራ ገባውና ተናጋሪውን ፍለጋ ወደ ጠፋው ቴሌቪዥን ዞረ።