አባቴ አልማዝ ያለው ድንጋይ

ዛሬ ጠዋት እንጅባራ ቤቴ ሎሚ ስጨምቅ፣ ሽታው ዘንገና ወዳለው የወላጆቼ ቤት መለሰኝ። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። አባቴ ጉድጓድ ሲቆፍር እንደ መስታወት የጠራ ድንጋይ አገኘና «አልማዝ ነው!» ብሎ በጋቢው ጫፍ ቋጠረው። ገብሱ ሳይታጨድ አዲስ አበባ ሊሄድ ተነሣ። እናቴ ጎንበስ ብላ ስንቅ ታሰናዳ ጀመር።

እኔ አስተማሪያችን ያሳየን የድንጋይ መፈተኛ ዘዴ ትዝ አለኝ።

«አባዬ፣ ስጠኝና ልፈትነው» አልሁት።

እየሳቀ ሰጠኝ። በምስማር ስፍቀው ነጭ ዱቄት ወጣው። ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጠብ ሳደርግበት ፍስስ እያለ አረፋ ደፈቀ።

«አልማዝ ቢሆን ምስማር አይጭረውም፤ ሎሚም አያፈላውም» አልሁ ኮራ ብዬ። «ይሄ ካልሳይት ነው። ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዘር ነው፤ በየአገሩ ሞልቷል።»

አባቴ ድንጋዩን አገላብጦ አየው። እናቴ ያን ጊዜ ቀና ብላ «ድንጋዩስ እውነቱን ተናገረ፤ አንተስ?» አለችው።

አባቴ አቀረቀረ። ድንጋዩን ጥሎ «እዚሁ ነኝ» አለና ማጭዱን ይዞ ወደ ገብሱ ወረደ።

ስለ ድንጋዩ የተነጋገሩ መስሎኝ ነበር። አባቴ ጥሎን የሚሄድበት ሰበብ ሲፈልግ እንደ ነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ትናንት ማታ ስደውልለት ወሬያችንን ሳንጨርስ «ቆዪ ልጄ፣ እናትሽ ብቻዋን ድንች ተሸክማ እየመጣች ነው፤ ልቀበላት» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ።