ከፍራሹ የተቆረጠ ጎራዴ

እልፍነሽ ሆሳዕና ገበያ ዳር ሃያ ዓመት ልብስ ሰፍታለች። ከሾኔ የሚመጣ ሙሽራ፣ ከጊምቢቹ የሚመጣ አስተማሪ ሱሪውን የሚያስጠብበው እሷ ዘንድ ነበር። ምላሷ እንደ መቀሷ ነው ይሏታል። ዋጋ ሊከራከራት የመጣ ሁሉ ስቆ፣ ያለችውን ከፍሎ ይሄዳል። የስፌት መኪናዋ ላይ ሲጎብጥ የኖረው ወገቧ ግን ማታ ማታ አላስተኛት አለ።

አንድያ ልጇ ኤሊያስ የአውቶቡስ ረዳት ነበር። ደመወዙን አጠራቅሞ ከአዲስ አበባ የስፖንጅ ፍራሽ ገዛላት፤ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስሮ አመጣው። «እማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወገብሽ ይረፍ» አላት። በሰፈሩ ስፖንጅ ያለው ቤት የእሷ ብቻ ስለነበር ጎረቤቶቿ እየመጡ በእጃቸው ጫን ጫን አድርገው አዩት።

በ1976 ዓ.ም. ኤሊያስን አዲሎ ላይ ከቆመ አውቶቡስ አውርደው ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። እልፍነሽ በዚያው ሳምንት ከፍራሹ ወርዳ ከእንሰት ወደተሠራው ጅባ ምንጣፏ ተመለሰች። «ልጄ መሬት ላይ እየተኛ እኔ ስፖንጅ ላይ ልንደላቀቅ?» አለች። ፍራሹን በአንሶላ ጠቅልላ ግድግዳ አስደገፈችው። ቅዳሜ ቅዳሜ አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። እሱ ሲመጣ ሊተኛበት ነው፤ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

ከሰሜን ሁለት ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ሰባት ወር ዝም አለ። ቀበሌ እየተመላለሰች ስትጠይቅ ሊቀመንበሩ «ለበላይ ይጻፋል» ይላታል። በነሐሴ 1977 ግን እሱ ራሱ አስጠራት።

«ጓድ እልፍነሽ» አለ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «ኪነት ቡድናችን ለአብዮት በዓል ቴአትር ያሳያል። ባላባቱ ገበሬዎቹን በጎራዴ ይመታል። የእንጨቱ ጎራዴ በልምምድ ላይ የአንዱን ግንባር ተረተረው። የማይጎዳ ሥሪልን፤ ቤትሽ ስፖንጅ አለ አሉ።»

«እሱ እኮ የልጄ ነው ጓድ ሊቀመንበር።»

«የልጅሽን ነገር በዓሉ እንዳለፈ እኔው ራሴ እጨርሰዋለሁ።»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ተረቱን እልፍነሽ ለደንበኞቿ ስንት ጊዜ ተርታዋለች። ልጁን የሚጠብቅ ሰው ግን በተረት አይመከርም፤ እሺ አለች።

የኪነቱ ኃላፊ መምህር ተገኘ በማግስቱ ቤቷ መጣ። «ጎራዴ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ አይተህ ታውቃለህ?» አለችው፤ ሳቁ። ፍራሹን ስትዘረጋ ግን ሳቋ ቆመ። መጀመሪያ ከግርጌ በኩል በጠመኔ አሰመረች፤ ኤሊያስ ረጅም መሆኑ ትዝ ሲላት እግሩ እንዳይንጠለጠል ብላ አጠፋችው። በመጨረሻ ግድግዳ በሚነካው ጠርዝ፣ ክንዱ በማያርፍበት በኩል፣ አንድ ክንድ ተኩል ቆረጠች። በመካከሉ የቀርከሃ ስንጥር አስገብታ በገበር ሰፋችው። ተገኘ ከቡና ቤቶች የለቀመውን የሲጋራ ብርማ ወረቀት በዱቄት ሙጫ ለጠፈበት። መያዣውን በጥቁር ጨርቅ ጠመጠመችው። በራሷ ትከሻ ላይ ሞከረችው፤ ቡፍ አለ እንጂ አላመማትም።

መስከረም ሁለት ቀን ሜዳው በሰው ሞላ። ጎራዴው በፀሐይ ሲብለጨልጭ ሕዝቡ እውነት መስሎት ጮኸ። ባላባቱ ሦስት ገበሬዎች ጣለ። ቴአትሩ ሲያልቅ ሦስቱም ተነስተው ልብሳቸውን አራግፈው እጅ ነሱ። ያን ጊዜ የእልፍነሽ አንጀት ራሰ። የወደቀ ሁሉ ሲነሳ ማየቷን ለልጇ ጥሩ ምልክት አድርጋ ወሰደችው። ሊቀመንበሩን በዓይኗ ፈለገችው፤ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ፊቱን አዞረ።

በያሆዴ፣ በሐዲያ የዘመን መለወጫ፣ ከአገሩ የወጣ ሁሉ ወደ ቤቱ በሚገባበት ሰሞን ቀበሌ ጠሯት። ተቀምጦ የሚያናግራት ሊቀመንበር ዛሬ ተነስቶ ቆመ። በእኛ አገር መርዶ እንኳ ወግ አለው፤ ሽማግሌ ማልዶ፣ ዘመድ ከብቦ ነው የሚነግረው። እሷን ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት አስጨበጧት። «ልጅሽ ለእናት አገሩ ወድቋል፤ ልትኮሪ ይገባል» አላት።

አልጮኸችም። ማንበብ ስለማትችል በር ላይ የቆመውን ተገኘን ጠራችው።

«ቀኑን አንብብልኝ።»

«የሞተው ሐምሌ ዘጠኝ ይላል፣ እትዬ።»

«እዚህ የደረሰውስ?»

ተገኘ የቀበሌውን የመድረሻ ማኅተም ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ አየ። «ሐምሌ ሃያ ስምንት።»

ጎራዴውን የሠራችው ነሐሴ አሥራ ሁለት ነው። ዞራ ሊቀመንበሩን አየችው። «በዓሉ እንዳይደፈርስ ብለን ነው» አለ፣ ወለሉን እያየ። እሷ ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው፤ «ጎራዴዬን መልሱልኝ» ብላ ወጣች።

ለልቅሶው አስከሬን አልነበረም። አስከሬን ከሌለ የሟች ልብስ ይወጣል፤ የኤሊያስን ልብስ ግን ያኔ ሲወስዱት በሰው ልካለት ነበር። ስለዚህ ፍራሹን ግቢ ውስጥ ዘረጉት፤ ለቀስተኛው ዙሪያውን ተቀመጠ። የወንጌላውያን ቤተክርስቲያናቸው በዚያ ዘመን በደርግ ታሽጎ ስለነበር ምእመናኑ በለሆሳስ ዘመሩ። ጎረቤቷ ትርፊት የተቆረጠውን ቦታ በጋቢ ልትሸፍን ጎንበስ አለች።

«ተዪው ትርፊቴ» አለች እልፍነሽ። «የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ይታይ።»

ተገኘ ጎራዴውን በነጠላ ጠቅልሎ አመጣላት። ብርማውን ወረቀት በጥፍሯ ላጠችው፤ ስፌቱን ተረተረችው፤ ቀርከሃውን ነቅላ ጣለችው። የቀረውን ስፖንጅ ወደ ቦታው መለሰችው። በቴአትሩ ተመትቶ ተመትቶ ሳስቷል፤ በሙጫውም ተኮማትሯል። ወዲህ ስትጎትተው ወዲያ ይከፈታል። ሃያ ዓመት የሰው ልብስ ስትገጥም የኖረች ሴት ያንን ቀዳዳ መሙላት አቃታት።

«ልጄ፣» አለች ጠርዙን እየዳሰሰች፣ «ሙሉውን ነበር ያስቀመጥኩልህ።»