ለውዴ ጥርስ የታሰረ ሒጃብ

ውዴ ከአርማጭሆ ስትሰደድ ልጆቿን ሁሉ ይዛ ነበር የተነሣችው። መተማን አልፋ ገዳሪፍ ዳር ካለው መጠለያ ስትደርስ ግን የቀረቻት ኮከብ ብቻ ነበረች። ሌሎቹን መንገድ በላቸው። ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው፤ ሰማዩም ሰዉም የከፋበት ዘመን። እኔ አምሳለ፣ ድንኳኔ ከድንኳኗ ገመድ ለገመድ የተያያዘ ነበርና የምነግራችሁን ከማንም አልሰማሁትም፤ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ምን ዓይነት ሰው ነበረች አትሉኝም? ቀጭን፣ ነገረኛ፣ ምላሷ ሬት! "እንደምን አደርሽ" ሲሏት "ምን አገባህ" የምትል። ስንት ጊዜ ተኳርፈናል መሰላችሁ። ግን እወዳት ነበር፤ ምን ላድርግ።

በዚያ መጠለያ የሚገድለው ረሃቡ ብቻ አልነበረም። ዱራ፣ ማለት ማሽላው፣ ከሚታደልበት ሜዳ ወደ ድንኳን ለመመለስ አንድ ደረቅ ወንዝ መሻገር ግድ ነው። እዚያ ጋረደው የሚባል ዘራፊ ይጠብቃል። የኛው አገር ሰው ነው፣ አፈር ይብላና! ግብረ አበሮቹን አሰልፎ ከመበለት ትከሻ ላይ ጆንያ ያወርዳል፤ እምቢ ያለውን ይሰብራል። አንድ ሽማግሌ ጆንያውን አቅፎ ቢተኛበት ክንዱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ማገዶ ሰበረው። ድምፁ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ዓስከሮቹ፣ የሱዳን ወታደሮቹ፣ ደግሞ መጠለያው መግቢያ ላይ ቢላውንም ማጭዱንም ዱላውንም ይነጥቁናል፤ ወንዙ ውስጥ ግን ዝር አይሉም። "ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው" ይላል ያገሬ ሰው። ኧረ ማጭዱ የት አለና! የቀረን ከእናታችን ሆድ ይዘነው የወጣነው ነው፦ ጡጫ፣ ራስ፣ ጥፍር፣ ጥርስ።

ስለዚህ ሰዉ ሁሉ ወደ ፈቂ ያዕቁብ ይሮጥ ጀመር። ሒጃብ፣ ማለት ክታብ፣ ጽፎ በቆዳ ሰፍቶ የሚያስር ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው፤ አማርኛውን ከሐበሻ ሚስቱ ነው የለመደው። የኛዎቹ ደብተራዎች መንገድ ላይ አልቀዋል። ምን እናድርግ? ማተባችንን በነጠላ ሸፍነን እኔና ውዴም ሄድን።

"አንድ ሰው የሚያስረው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ሒጃብ ይጣላሉ" አላት። "ለመላ አካልሽ ላድርግልሽ? ይሆናል፤ ግን ጋን ሙሉ ውኃ ውስጥ እንደገባ ቁንጥር ጨው ነው፣ አይቀመስም። ለአንዱ ካልሽኝ ይበረታል። ምረጪ።"

"ለቀኝ እጅሽ አስደርጊ!" አልኳት እኔ። "ወንዶቹ ሁሉ ለጡጫ ነው ያሳሰሩት።"

"ወንዶቹን ተያቸው" አለችኝ። "ሴትን መጀመሪያ የሚይዟት እጇን ነው። ቀጥሎ ፀጉሯን፤ በዚያው ራሷም ተያዘ። ጥርሴን ማን ይይዘዋል? እንዲያውም ፊታቸውን እነሱው ያቀርቡልኛል።"

ፈቂው ከት ብሎ ሳቀ። ለጥርስ ጻፈላት፤ አንገቷ ላይ ካሰረላት በኋላ ግን ሳቁን ተወና አስጠነቀቃት። "እንጀራው በጉሮሮሽ በወረደ ሰው ላይ አይሠራም። እሱን ከነከስሽ ሒጃቡ ወዳንቺ ይዞራል።" ይህማ ለኛም አዲስ አልነበረም፤ እንጀራውን በበላህበት ሰው ላይ ክፉ አይሠራም እየተባልን ነው ያደግነው።

ወሬው ጋረደው ዘንድ ደረሰ። በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ኪስራ፣ ያንን የሱዳኖቹን ስስ እንጀራ፣ በሣህን ይዞ መጣ። "ውድዬ፣ ያገር ልጆች አይደለን? ላንቺም ለልጅሽም ነው" ብሎ አስቀመጠና ራቅ ብሎ ቁጢጥ አለ። ስትበላ ሊያይ ነዋ፣ ሌባ!

ኮከብ ከድካም ብዛት ማኘክ ትታለች። ውዴ ናት እያላመጠች የምታጎርሳት፤ የሚላመጥ ነገር ካጣን ደግሞ ሰንብተናል።

"በሞቴ እንዳትነኪው!" ብዬ ጮህኩ። "ነገ ዱራ ሲታደል በምን ልታሻግሪው ነው?"

ሣህኑን አየች፤ ልጇን አየች። ቆረሰችና አፏ ከተተች፤ አላመጠች፤ ለኮከብ አጎረሰች። እንዲህ እያደረገች ጨረሰችው። ጋረደው ጥርሱን እየፋቀ፣ እየሳቀ ሄደ። እኔ በንዴት በገንኩ። "ሞኝ! ለአንድ ቀን ምሳ ልጅሽን ሸጥሻት!" አልኳት። ውኃ ለምናኝ አፏን ተጉመጠመጠችና ተፋችው። ውኃ እንዲያ በቸገረን ጊዜ! እሱም ሌላ ንዴት ሆነብኝ።

በማግስቱ ዱራችንን ተሸክመን ወንዙ ውስጥ ስንገባ ቆሞ ጠበቀን። ሁለት ሰዎቹ የውዴን እጆች ያዙ። እሱ ፀጉሯን ጨበጠና ራሷን ወደ ኋላ ቆለመመው፤ ልክ እንዳለችው። "ይቺማ እንጀራዬን በልታለች" አለ እየሳቀ። አንገቱን ወደ አፏ አቀረበላት። "በይ እስቲ ንከሺኝ።"

ነከሰችው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የውዴን ጥርስ ያላየ ነው የተረተው! ጋረደው እንደሚታረድ በሬ አጓራ። በጡጫ ጎኗን ደበደበው፣ አልለቀቀችም። ሰዎቹ እግሯን ይዘው ጎተቷት፤ እሱም አብሮ ተጎተተ። ድንጋይ አንሥቶ አፏን ደጋግሞ መታት፤ ጥርሶቿ ሥጋው ውስጥ ሲሰበሩ ሰማሁ። "በልተሻል እኮ! በልተሻል እኮ!" ይላል ደሙ በጣቶቹ መሐል እየተንፎለፎለ። ከሕመሙ ይልቅ ፍርሃቱ ነበር የሚያስጮኸው። ከዚያ ወደቀ፤ ትንሽ ተንፈራገጠና ቀረ። ሰዎቹ እግሬ አውጪኝ አሉ። የኛ ወንዶች የመጡት ያኔ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

አሸዋው ላይ ራሷን ደግፌ አቀናኋት። አፏ አፍ አይመስልም። "አንቺ ሴት፣ እንጀራውን በልተሽ እንዴት ሠራልሽ?" አልኳት።

ደም ተፋችና "አላመጥኩ እንጂ መች ዋጥኩ" አለችኝ።

"ፍርፋሪ እንኳ?"

ራሷን ነቀነቀች። እህል በአፏ ካለፈ ስንት ጊዜዋ! ያን ሁሉ ኪስራ አፏ ውስጥ እያመላለሰች፣ አንጀቷ ተጣብቆ፣ ምራቋን እንኳ ሳትውጥ! የሰደብኳት ስድብ ትዝ አለኝና እዚያው አለቀስኩ።

ዱራው ድንኳን ገባ። ከዚያ በኋላ ኮከብ ጠንክራ ማኘክ እስክትጀምር እያላመጥኩ ያጎረስኳት እኔ ነኝ፤ እናቷ በምን ታላምጥ?

ውዴ ዛሬም አለች፣ ነገረኛ አሮጊት ሆና። ኮከብ ገዳሪፍ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። ሥጋ ሲገኝ ከእናቷ አጠገብ ቁጭ ትልና እያላመጠች ታጎርሳታለች። ውዴ ግን የመጀመሪያውን ጉርሻ ተቀብላ አታውቅም፤ የልጇን ጉሮሮ በጣቷ ትነካና "መጀመሪያ አንቺ ዋጪ" ትላታለች።